የፖለቲካ ሐሳብና የስንብት ደብዳቤ፦ ሠራተኛ ከመናገሩ በፊትና ከተናገረ በኋላ ምን ያድርግ?

"በፖለቲካ አመለካከትዎ ምክንያት ከሥራ ተሰናብተዋል" የሚል ደብዳቤ ብዙም አይጻፍም። የሚጻፈው "የድርጅቱን መልካም ስም በማጉደፍዎ"፣ "በሥራ ሰዓት የግል ጉዳይ በማከናወንዎ" ወይም "ለሥራ ባልደረቦችዎ ተገቢውን አክብሮት ባለማሳየትዎ" የሚል ነው። አንዳንዴም ነገሩ የተረሳ ከመሰለ በኋላ "በመዋቅር ለውጥ ምክንያት የሥራ መደብዎ ስለታጠፈ" ተብሎ ይመጣል። ፖለቲካ የሚባል ቃል አይገኝበትም።

ይህን ከመነሻው የተረዳ ሠራተኛ ጥንቃቄው ይለያል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው "እንዲህ ማለት ይፈቀድልኛል ወይስ አይፈቀድልኝም?" በሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ክርክሩ የሚያጠነጥነው በሌላ ነጥብ ላይ ነው፦ አሠሪው ከሐሳብዎ ሌላ የሚይዝብዎት ነገር አለው ወይስ የለውም? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ያንን "ሌላ ነገር" ለአሠሪው ላለመስጠት ናቸው። ዝም ይበሉ የሚል ምክር እዚህ አያገኙም። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ በሚሠሩበት አገር ያለውን ከለላ ይለዩ

"ሐሳቤን የመግለጽ መብት አለኝ" ማለት ብቻውን አይበቃም። መብቱ ማንን እንደሚያስር ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል ኩባንያን አያስርም። ስለዚህ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ሐሳብ ቢባረር ያንን ማሻሻያ ጠቅሶ አሠሪውን መርታት አይችልም። ካሊፎርኒያ ግን በሠራተኛ ሕጓ አንቀጽ 1101 እና 1102 አሠሪ የሠራተኛውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዳይቆጣጠርና በስንብት እያስፈራራ አቋም እንዳያስቀይር ከልክላለች። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከግዛት ግዛት ሲሄዱ መልሱ ይለወጣል።

ዓለም አቀፉ መነሻ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 111 ነው። በሥራና በቅጥር ላይ ከተከለከሉት የአድልዎ ምክንያቶች መካከል ዘርን፣ ቀለምን፣ ጾታንና ሃይማኖትን ሲዘረዝር የፖለቲካ አስተያየትንም አብሮ ያስቀምጣል። በ1982 የወጣው ስምምነት ቁጥር 158 ደግሞ የፖለቲካ አስተያየት ለስንብት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በአንቀጽ 5 ይደነግጋል፤ ሠራተኛው በጠባይ ጉድለት ከመሰናበቱ በፊት መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝም ያዛል። ይህን ያጸደቁት አገሮች ስምምነት ቁጥር 111ን ካጸደቁት በእጅጉ ያነሱ ናቸው።

የአገር ውስጥ ሕጎች አቀማመጣቸው ይለያያል። የደቡብ አፍሪካው የ1995 የሥራ ግንኙነት ሕግ በፖለቲካ አስተያየት ላይ በተመሠረተ አድልዎ ማሰናበትን ሌላ ማጣሪያ ሳያስፈልግ "በራሱ ኢፍትሐዊ" ይለዋል፤ ካሳውም እስከ 24 ወር ደመወዝ ይደርሳል። የኢትዮጵያው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 26 የፖለቲካ አመለካከትን የሥራ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት ጋር ይመድበዋል። ሌሎች አገሮች ጉዳዩን በእኩልነት ሕግ ወይም በሰብዓዊ መብት ሕግ በኩል ያዩታል።

እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው፦ የአገርዎ ሕግ የፖለቲካ አመለካከትን በስም ይጠራል ወይ፤ የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኛን ነው፣ የግል ድርጅትን ወይስ ሁለቱንም፤ ለመክሰስ የሚሰጠው ጊዜስ ስንት ነው? መልሶቹን በአንድ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። ሦስተኛው በኋላ በጣም ይፈለጋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ማስፈራራት፣ በሰዎች ላይ ጥቃት እንዲፈጸም መቀስቀስ፣ ባልደረባን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ መዝለፍ "የፖለቲካ አስተያየት" ተብሎ ከለላ አያገኝም። አቋምዎ ይህን የሚጠይቅ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አይጠቅምዎትም።

ደረጃ 2፦ የፈረሙባቸውን ወረቀቶች አውጥተው ያንብቡ

የቅጥር ውል፣ የሥነ ምግባር ደንብ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ ካለ እሱ፣ የኅብረት ስምምነት ካለ እሱም። አብዛኛው ሠራተኛ እነዚህን የፈረመው በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ከባጅና ከቁልፍ መረከቢያ ጋር በአንድ ክምር ነው። አሁን እስክሪብቶ ይዘው እንደገና ያንብቧቸው።

የሚፈልጉት ሰፊና ልቅ ሐረጎችን ነው። "ለድርጅቱ ስም የማይመጥን ተግባር"፣ "ከሥራ ውጭም ቢሆን"፣ "የጥቅም ግጭት"፣ "ገለልተኝነት" በሚሉት ሥር ያስምሩ። "ማንኛውም ሠራተኛ በሥራ ቦታ የፖለቲካ ቅስቀሳ ማድረግ አይችልም" የሚል አንቀጽ ካለ ወሰኑን ያስተውሉ፤ በሥራ ቦታ ነው የሚለው፣ ቅስቀሳ ነው የሚለው። ቅዳሜ ከሰዓት በግል ስልክ የጻፉት አስተያየት በዚያ አንቀጽ ውስጥ አይወድቅም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ዋና መከላከያዎ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የአገልግሎት ዘመንዎን ይመልከቱ። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ በብዙ አገር ያለ ምክንያት ሊሰናበት ይችላል። በእንግሊዝ አንድ የአካል ጉዳተኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ሹፌር በ2004 የቀኝ አክራሪ ፓርቲ ወክሎ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆኖ በተመረጠ በሳምንታት ውስጥ ተባረረ። በሥራው የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ከቅርብ አለቆቹም አድናቆት ነበረው። ፓርቲውን ብዙዎቻችን እንጸየፈው ይሆናል፤ የተቸገረው ግን በዚያ አልነበረም። አንድ ዓመት ስላልሞላው ተገቢ ባልሆነ መንገድ ተሰናብቻለሁ ብሎ ለመክሰስ ሕጉ አልፈቀደለትም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2012 መብቱ ተጥሷል ሲል ወሰነ፤ እንግሊዝም በ2013 ሕጓን አሻሽላ በፖለቲካ አመለካከት ወይም አባልነት ለተሰናበተ ሰው የአገልግሎት ዘመን መስፈርቱን አነሳች። ከስንብቱ እስከ ውሳኔው 8 ዓመት ፈጅቷል። የሙከራ ጊዜዎ ሁለት ወር ብቻ ከቀረው፣ ሁለት ወር መታገስ ፍርሃት አይባልም።

ደረጃ 3፦ የሥራ መደብዎ ምን ያህል ያስርዎታል?

ሁሉም ሠራተኛ እኩል አይታይም። የድርጅት ቃል አቀባይ፣ የምርጫ ቦርድ ባለሙያ፣ ዳኛ፣ ፖሊስና ጋዜጠኛ ከመጋዘን ሠራተኛ ወይም ከሒሳብ ሠራተኛ የጠበበ ቦታ ነው ያላቸው። ስምምነት ቁጥር 111 ራሱ ሥራው በባሕርዩ የሚጠይቀው መስፈርት እንደ አድልዎ እንደማይቆጠር ይናገራል። አሠሪዎች ግን ይህን በር ሲያገኙ በጣም ይከፍቱታል።

ጀርመን ውስጥ በ1980ዎቹ አንዲት የቋንቋ መምህርት የኮሚኒስት ፓርቲ አባል በመሆኗ ከመምህርነት ተሰናበተች። የመንግሥት ሠራተኛ ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ መሆን አለበት የሚል ደንብ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1995 ጉዳዩን ሲመረምር ያነሳቸው ጥያቄዎች እርስዎም ለራስዎ ሊያነሷቸው የሚገቡ ናቸው። መደቡ የጸጥታ ሥራ ነው ወይ? አይደለም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿን ለመስበክ ሞክራለች ወይ? የለም። ከትምህርት ቤት ውጭስ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነገር ተናግራለች ወይ? የለም። በሥራዋ ላይ አንድም ነቀፌታ አልነበረባትም። በጠባብ የድምፅ ልዩነት፣ 10 ለ 9፣ መብቷ ተጥሷል ተባለ።

የመንግሥት ሠራተኛ ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፤ እንደ ዜጋ ነው የሚናገሩት ወይስ እንደ ሠራተኛ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 በኢሊኖይ ግዛት ያለ አንድ መምህር የትምህርት ቦርዱን የገንዘብ አጠቃቀም ተችቶ ለጋዜጣ ደብዳቤ በመጻፉ መባረሩ ትክክል አይደለም ብሏል። ያው ፍርድ ቤት በ2006 ደግሞ አንድ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ለአለቆቹ የጻፈው የትችት ማስታወሻ በመጀመሪያው ማሻሻያ ጥበቃ አያገኝም አለ። ግራ ያጋባል፤ በጋዜጣ ለሕዝብ የተናገረው ተጠበቀ፣ በሥራ ማስታወሻ ለአለቃው የነገረው አልተጠበቀም። እኔ በበኩሌ ውሳኔው ሠራተኛን ውስጥ ለውስጥ ከመናገር ወደ ውጭ የሚገፋ ይመስለኛል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ ቢሮ ውስጥ ሲናገሩ

የምርጫ ውጤት በተሰማ ማግሥት የምሳ ሰዓት ወሬ ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። አንዱ ድንገት ዞር ብሎ "አንተ ግን ያንን ሰውዬ ነው አይደል የመረጥከው?" ይላል፤ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ሁለት መልስ አለ። "የመረጥኩት የራሴ ይሁን፤ የግብር ፖሊሲያቸው ግን ደመወዝተኛውን ይጎዳል ባይ ነኝ" ማለት ይቻላል። "እነሱን የመረጠ ሁሉ ደንቆሮ ነው" ማለትም ይቻላል። ሁለቱም የፖለቲካ አስተያየት ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ፖሊሲ ነው፣ ክስ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛውን ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ እነሱን የመረጠ አንድ ሰው ከሰማው በማግሥቱ ለሰው ኃይል አስተዳደር "ተሰድቤአለሁ" ብሎ የጽሑፍ አቤቱታ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ ያለው ቃል "ስድብ" ነው፤ ፖለቲካው ተረስቷል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው። ስለ ድርጊት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ፓርቲ ፕሮግራም ይናገሩ፤ ፊት ለፊትዎ ስላለው ሰው ወይም እሱ ስለሚመስለው ወገን አይናገሩ። "ይህን ብንተወው" ያለዎትን ሰው ወዲያውኑ ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥሉት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እንደ ትንኮሳ ሊቆጠር ይችላል። የበታችዎ የሆነ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይጀምሩት። አለቃ ሲናገር ሐሳብ ብቻ ሆኖ አይሰማም፤ የሥራ ምዘናውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ደንበኛ ፊት፣ ተማሪ ፊት፣ ታካሚ ፊት አይሆንም። እነሱ ጥለው የመሄድ ነፃነት የላቸውም፤ ፍርድ ቤቶችም ይህን ከባድ አድርገው ይመለከቱታል።

ንግግሩ ከባልደረባ ጋር በግል ከሆነ ግን ከለላው ብዙዎች ከሚያስቡት ይሰፋል። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የሕግ አስከባሪ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ወጣት ለባልደረባዋ ደግመው ቢሞክሩ ይሳካላቸው የሚል ነገር ተናገረች። አለቃዋ ሰማ፤ በዚያው ቀን አባረራት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በ5 ለ 4 ድምፅ ለእሷ ፈረደ። ንግግሩ አስጸያፊ ነው ብለው የሚያስቡ ዳኞች ነበሩ፤ ሚዛን የደፋው ግን ሌላ ነበር። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ መረጃ መክተብ ነው፣ ከሕዝብ ጋር አትገናኝም፣ ሕግ የማስከበር ሥልጣን የላትም፣ ንግግሯ የጽሕፈት ቤቱን ሥራ አላወከም። አሠሪዋ የመንግሥት አካል ባይሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ክርክር አይነሳም ነበር።

ከደመወዝና ከሥራ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ፖለቲካ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። የአሜሪካው የ1935 የሥራ ግንኙነት ሕግ በአንቀጽ 7 ሠራተኞች ለጋራ ጥቅማቸው ተባብረው የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ በግል ድርጅት ውስጥም ይጠብቃል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይነሳ የሚል ሐሳብ ከባልደረቦች ጋር ሆኖ ማንሳት ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ከመከራከር የተሻለ መጠለያ ያለው ለዚህ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ሐሳቡን በማኅበሩ በኩል ማቅረብ በብዙ አገር ሁለተኛ ከለላ ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ ስልክና ኢንተርኔት

የድርጅቱን ላፕቶፕ፣ ኢሜይል፣ ዋይፋይና የሥራ ግሩፕ ለፖለቲካ አይጠቀሙ። ይህ ቀጥተኛ ነው፤ ጽሑፉ ምንም ይሁን ምን "የድርጅቱን ንብረት ለግል ጉዳይ አውሏል" የሚል ዝግጁ ምክንያት ይሰጣል። ስልኩ የራስዎ ቢሆንም ሰዓቱን ያስተውሉ። ጠዋት 4፡15 የተለጠፈ ፖስት ላይ ሰዓቱ አብሮ ይወጣል፤ ያ ሰዓት የሥራ ሰዓት ከሆነ ክርክሩ ስለ ሐሳብዎ መሆኑ ይቀራል።

ከግል አካውንትዎ ላይ የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደብዎን፣ ባጅ አንጠልጥለው ወይም የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ያንሱ። "የአሠሪዬን አቋም አይወክልም" የሚለው ዓረፍተ ነገር አይጎዳም፤ ግን ብዙ አይተማመኑበት። ስሙ ጨርሶ አለመኖሩ ይሻላል።

"ዝግ ግሩፕ ነው" የሚባል ነገር የለም ብለው ያስቡ። ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ 40 ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ይጽፋሉ፣ አንዱ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛው ከአለቃዎ ጋር ይተዋወቃል። ስክሪንሾቱ ላይ ከላይ ያለው ወሬና ከታች ያለው ማብራሪያ ተቆርጧል፤ የቀረው የእርስዎ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ቢቆረጥ ምን እንደሚመስል አይተው ይላኩ። ምጸት ሲቆረጥ ምጸትነቱ ይጠፋል። ላይክና ሼርም እንደ አቋም ተቆጥረው ፋይል ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

ስም ቀይሮ መጻፍስ? አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በብዕር ስም ትዊተር ላይ ከ9,000 በላይ መልእክት ስትጽፍ ቆየች፤ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤቷን ፖሊሲና መንግሥትን የሚተቹ ነበሩ። ማንነቷ ታወቀና በ2013 ተሰናበተች። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 ስንብቱን አጸና። ስምን መደበቅ ሕጋዊ ከለላ አይሆንም፤ ከተገለጠ በኋላ ደግሞ "ጥፋት መሆኑን ስላወቀች ነው የደበቀችው" የሚል ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል።

ሌላው ምሳሌ ከጽሑፍ ይልቅ ምስል ነው። በ2017 አንዲት ብስክሌት የምትነዳ አሜሪካዊት ለፕሬዚዳንት ትራምፕ አጀብ የመሃል ጣቷን አሳየች። ከጀርባዋ የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞረ። የሥራ ሰዓት አልነበረም፤ አሠሪዋም አልተጠቀሰም። ፎቶውን የፌስቡክ ገጿ ምስል ስታደርገው ግን የመንግሥት ኮንትራት የሚሠራው ኩባንያዋ አሰናበታት፤ የሰጣት ምክንያት ጸያፍ ምስል መለጠፏ ነው። ፖለቲካው ላይ ሳይሆን ጣቱ ላይ ነው ያተኮሩት። ያው ተቃውሞ በጨዋ ቃል ቢጻፍ ኖሮ ኩባንያው ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበት ነበር። (ሴትየዋ በ2019 ተወዳድራ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆናለች።)

ደረጃ 6፦ ፋይልዎን ንጹሕ ያድርጉ

በይፋ አቋም የያዘ ሰው ሰዓት ማክበር አለበት። ሳይያዝበት የቆየው የ10 ደቂቃ መዘግየት፣ ያልተሞላው የፈቃድ ቅጽ፣ ያልተወራረደው ሒሳብ ሁሉ አሁን ይቆጠራል። ኢፍትሐዊ ነው፤ ሌሎቹም ያረፍዳሉ። ሆኖም አሠሪው የሚያቀርበው የእርስዎን እንጂ የሌሎቹን የሰዓት መቆጣጠሪያ አይደለም።

የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎን፣ የምስጋና ደብዳቤዎችን፣ የደመወዝ ጭማሪ ማስታወሻዎችን ኮፒ አድርገው ቤትዎ ያስቀምጡ። ስለ ራስዎ የተጻፉትን ብቻ፤ የድርጅቱን ምስጢራዊ ሰነድ ይዞ መውጣት ራሱ ለስንብት የሚያበቃ ጥፋት ነው። በመጋቢት "በጣም ጥሩ" የተባለ ሠራተኛ በግንቦት ፖስት ከለጠፈ በኋላ በሰኔ "ደካማ" ከተባለ፣ ያ የመጋቢቱ ወረቀት ወርቅ ነው።

ደረጃ 7፦ አለቃዎ ሲጠራዎት

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወዳጅነት ቃና ነው። "ለራስህ ብዬ ነው፤ ከላይ ያሉት አልወደዱትም፤ አጥፋው።" ያዳምጡ፤ አይከራከሩ፤ ምንም ቃል አይግቡ። "የትኛውን የደንብ አንቀጽ እንደሚጥስ በጽሑፍ ብታሳውቁኝ አይቼው መልስ እሰጣለሁ" ይበሉ። ከክፍሉ ሲወጡ ወዲያውኑ ማስታወሻ ይጻፉ፦

"ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡40፣ የቅርብ አለቃዬ ቢሮ። ሌላ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ የጻፍኩትን ፖስት እንዳጠፋ፣ ካላጠፋሁ የኮንትራት እድሳቴ እንደሚያስቸግር ነገረኝ። ቃሉ፦ 'እንዲህ እየጻፍክ ኮንትራት አትጠብቅ'።"

ይህን ከግል ኢሜይልዎ ለራስዎ ይላኩት፤ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል። በስውር ድምፅ መቅዳት ግን አገር ያስለያያል። ጀርመን ውስጥ ለሕዝብ ያልተነገረን የሰው ንግግር ያለ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ሌላ ቦታ የንግግሩ ተካፋይ የሆነ ሰው መቅዳት ይችላል። ሳያረጋግጡ አይቅዱ።

የጽሑፍ ክስ ከመጣ መልሱ አጭርና ቀዝቃዛ ይሁን። የአገሪቱን ፖለቲካ አያብራሩበት፤ ያ ፈተና ነው፣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። እንዲህ ያለ መልስ ይበቃል፦

"የተጠቀሰው ጽሑፍ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በግል ስልኬና በግል አካውንቴ የተጻፈ ነው። የድርጅቱ ስም፣ አርማም ሆነ መረጃ አልተጠቀሰበትም። ጥሰሃል የተባልኩበት የደንቡ አንቀጽ ተለይቶ እንዲገለጽልኝ፣ የቀረበብኝ ማስረጃም ኮፒው እንዲሰጠኝ፣ በስብሰባው ላይ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ እንዲገኝልኝ እጠይቃለሁ።"

ፖስቱን ማጥፋት ይሻላል ወይ ለሚለው፣ ከማጥፋትዎ በፊት ሙሉውን ከነአስተያየቶቹ ስክሪንሾት ያንሱ። ሌላው ወገን የተቆረጠውን ይዟል፤ ሙሉው በእጅዎ ከሌለ ምን እንደጻፉ ማስረዳት አይችሉም።

ደረጃ 8፦ ተናገሩ ተብለው ከተገደዱ

ችግሩ የሚመጣው በተቃራኒውም በኩል ነው። ሰልፍ ውጡ፣ ለፓርቲ አዋጡ፣ ይህን ፖስት ሼር አድርጉ የሚል አሠሪ አለ። አለመናገርም አቋም ሆኖ ይቆጠራል፤ ከለላውም ለዚያ ይሠራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ያየው አንድ የፖሊስ መርማሪ ጉዳይ አለ። ለታመመች እናቱ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ ሊወስድላት ሄዶ ሲታይ አለቆቹ እጩውን የደገፈ መስሏቸው ከደረጃው አወረዱት፤ እሱ ግን በምርጫው እጁ አልነበረበትም። አሠሪው በተሳሳተ ግምት ቢሠራም የቀጣው በፖለቲካ ምክንያት ስለሆነ ሰውየው መክሰስ ይችላል ተባለ።

ጥያቄው ሲቀርብልዎ "በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ስለሌለ በግሌ አልሳተፍም" ይበሉ። ምክንያት አይደርድሩ። ትእዛዙ በቃል ከሆነ በማግሥቱ "ትናንት የተነገረኝ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃደኝነት?" የሚል አጭር ኢሜይል ይላኩ። አብዛኛው አለቃ "ግዴታ ነው" ብሎ በጽሑፍ አይመልስም።

ደረጃ 9፦ ስንብቱ ከመጣ

በመጀመሪያ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፉ። "ራስህ ብትለቅ ስምህ አይበላሽም፤ የሥራ ልምድህንም ጥሩ አድርገን እንጽፋለን" ይባላሉ። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ተባርሬአለሁ ብሎ ለመክሰስ እጅግ ይከብደዋል፤ በብዙ አገር የሥራ አጥ ድጎማም ይቀርበታል። ደብዳቤ እንዲፈርሙ ከተጠየቁ "መቀበሌን ብቻ ለማረጋገጥ፤ በይዘቱ አልስማማም" ብለው ከፊርማዎ አጠገብ በእጅዎ ይጻፉ፣ ቀኑንም ያስገቡ።

ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳ ይሥሩ። ከሁሉም ማስረጃ የበለጠ ዳኛን የሚያሳምነው የቀናት ቅደም ተከተል ነው፦ ምዘናው መቼ፣ ፖስቱ መቼ፣ ማስፈራሪያው መቼ፣ ስንብቱ መቼ። ከጎኑ ሁለተኛ ዓምድ ያድርጉና በተመሳሳይ "ጥፋት" ያልተሰናበተ ሠራተኛ ካለ ያስገቡ። የገዢውን ፓርቲ ፖስት በሥራ ሰዓት ሼር ያደረገ ባልደረባ ምንም ካልተባለ፣ ክሱ ስለ ሥራ ሰዓት ሳይሆን ስለ ሐሳብ መሆኑን ያሳያል። ያንን ባልደረባ ለማስቀጣት አይሁን እንጂ ንጽጽሩ ሕጋዊ ነው።

ከዚያ ቀኑን ይቁጠሩ። በጀርመን ስንብትን ለመቃወም ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰ 3 ሳምንት ነው። በደቡብ አፍሪካ ጉዳዩን ወደ አስማሚው ኮሚሽን ለማቅረብ 30 ቀን ይሰጣል። በኢትዮጵያ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በአሜሪካ የ1935ቱን ሕግ ለሚያስፈጽመው የሥራ ግንኙነት ቦርድ የሚቀርብ አቤቱታ በ6 ወር ይዘጋል። ከአሠሪው ጋር በሽምግልና መነጋገር ብዙ ቦታ ይህን ጊዜ አያስቆመውም። "እየተነጋገርን ነው" እያሉ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ጥሩ ማስረጃ ይዞ በሩ ተዘግቶበት ይቀራል። ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር በመጀመሪያው ሳምንት ያነጋግሩ።

የተናደዱበትን ሳምንት ፌስቡክ ላይ አያሳልፉት። ስለ አሠሪዎ የሚጽፉት ነገር ሁሉ ከእንግዲህ የክርክሩ አካል ነው።

ደረጃ 10፦ ስምምነት ከቀረበ

ብዙ ክርክር ፍርድ ሳይሰጥበት በስምምነት ያልቃል። ወረቀቱ ሲቀርብልዎት ገንዘቡን ብቻ አይዩ። የስንብቱ ምክንያት ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ አዲስ አሠሪ ደውሎ ሲጠይቅ ማን ምን እንደሚመልስ በስምምነቱ ውስጥ ቃል በቃል ይስፈር። "ሠራተኛው ስለ ድርጅቱ ምንም አይናገርም" የሚል አንቀጽ ካለ ስለ ድርጅቱ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ረቂቅ ሰፋ ተደርጎ ይጻፍና ስለ ፖለቲካ መጻፍዎን ጭምር ይከለክላል። ያ ሐረግ እንዲወጣ ይጠይቁ። የማይወጣ ከሆነ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስርዎትና ቢጥሱት ስንት እንደሚያስከፍልዎት ሳይጻፍ አይፈርሙ።